ስለ ኖራና ባዶውን ስለሚመለሰው መኪና

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ የሚሻገረው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጦር ሚኒስትር ሆነው በተሾሙትና እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው፣ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ፣ በዳኝነታቸው ጥራትና በምክራቸው ጥልቀት «አባ መላ» ሲባሉ በኖሩት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ድልድይ፣ ስሙ የጦር አበጋዝ ስም ይሁን እንጂ ግብሩ ከጦር ይልቅ ከመሶብ ጋር የተያያዘ ነው። በአቅራቢያው የነበረው አትክልት ተራ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ደቡብ ወደ ላፍቶ እስኪዛወር ድረስ፣ ከየአውራጃው የሚመጣው ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በሌሊት ሲራገፍበት፣ ጎሕ ሲቀድ በጅምላ ሲሸጥበት፣ ረፋድ ላይ ደግሞ በጉሊት ተበትኖ ወደ ድሃውም ወደ ባለጠጋውም ማድቤት ሲገባ የኖረበት ሥፍራ ነበርና። ተራው ቢነሣም ልማዱ አልተነሣም፤ በዚያ ሰፈር ቸርቻሪና ሸማች ስለ ጎመን ዋጋ ሲከራከሩ መስማት ዛሬም የዕለት ነገር ነው።

ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሸማቹ ቸርቻሪዋን ይወቅሳል፤ ቸርቻሪዋ ደላላውን፣ ደላላው ባለመኪናውን፣ ባለመኪናውም ነዳጁን። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ያለውን፣ ጎመኑ ገና ዘር ሳለ ዋጋውን መወሰን የጀመረውን መሬቱን ግን የሚያነሣው የለም። ዛሬ ልጽፍበት የወደድሁት ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም ሊቃውንተ እርሻ «የአፈር አሲዳማነት» ብለው የሚጠሩት የመሬት መጎምዘዝ ምን እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱ የሆነውም ኖራ ስለ ምን ከገበሬው ማሳ ሳይደርስ እንደ ቀረ ነው። መድኃኒቱ ያልታወቀ እንዳይመስለን፤ ታውቆ አድሯል። የጎደለው ጭነት ነው፤ የጭነት ነገር ደግሞ ከማንም ይልቅ የመርካቶ ሰው ሙያ ነው።

የአክሲማሮስ መምህራን ነገረ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ስለ ነፋስ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ውኃና ስለ መሬት፣ እነዚህም አራቱ ባሕርያት ጠባያቸው የተለያየ ሲሆን በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው እንደሚኖሩ ይናገራሉ። በደጋው አገራችን የሆነውን በዚሁ ቋንቋ እንናገረው ብንል ውኃ በመሬት ላይ ሠልጥኗል ማለት ይበቃል። ዝናሙ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ በሚወርድበት አገር ውኃው ወደ ታች ሲሰርግ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም የተባሉትን ለእህልና ለአትክልት ምግብ የሆኑ ማዕድናት ከአፈሩ እየፈታ ይዞአቸው ይወርዳል፤ የተዉትንም ሥፍራ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይወርሱታል። ይህ የአእላፍ ዘመናት ሥራ ነበረ፤ ዳሩ ግን የሰው እጅ አፋጠነው። አዝመራው ከነገለባው ከማሳ ሲወጣ፣ ወደ መሬት ይመለስ የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እየበዛ የመጣው ዩሪያና ዳፕ ደግሞ በአፈር ውስጥ በሚያልፍበት ለውጥ አሲድ እየተወ ሲሄድ፣ በሺሕ ዓመት የሚሆነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይሆን ጀመር። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በመጠኑም ይሁን በብርቱ አሲድ የተጠቃ መሆኑ በባለሙያዎች ዘንድ የታመነ ግምት ሲሆን፣ ይልቁንም የአዊና የጎጃም፣ የወለጋና የኢሉባቦር፣ የጅማ፣ የጉራጌ፣ የሐድያና የጋሞ ደጋዎች ክፉኛ ተጎድተዋል።

ይህ ደዌ የሚለካበት ፒኤች የተባለው መስፈሪያ ቁጥር 7ን ወሰን አድርጎ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ጎምዛዛ ይለዋል፤ ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ባለ ጊዜ ጉምዛዜው ዐሥር እጥፍ ስለሚሆንም፣ ከ6.5 ወደ 4.5 የወረደ ማሳ መቶ እጥፍ ጎምዝዟል ማለት ነው። ልኩ ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይፈታል። እንግዲህ ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል፤ የተፈታው አሉሚኒየም በመጀመሪያ የሚያገኘው የሥሩን ጫፍ ነውና። ሥር የሚያድገው በጫፉ ነው፤ ጫፉ የተመረዘ ሥር ወደ ጥልቅ መውረዱን ይተውና አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ደንድኖ ይቀራል። ሥሩን አስቀድሞ የሰደደ ትልቅ ተክል ይህን ፈተና ይታገሠው ይሆናል፤ በመደብ ላይ ትናንት የበቀለ የጥቅል ጎመን፣ የሽንኩርት፣ የሰላጣ ወይም የቀይ ሥር ችግኝ ግን ዕድሜውን በሙሉ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ፎስፎረስ የተባለውን ምግብ ያላገኘ ችግኝ በኋላ ቢመግቡት የጠፋበትን ጊዜ አይመልስም፤ በጎምዛዛ አፈር ደግሞ ፎስፎረሱ ራሱ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ይታሠራል። ስለዚህ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ከችግኙ ሥር ተቀምጦ ሳለ ችግኙ ይራባል፤ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መስሎ ይቀላል፤ ለገበያ የሚደርስበትም ቀን ይርቃል። እህል ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ጎተራው ይቀበለዋል። አትክልት ግን ቀድሞ የደረሰው ጥሩ ዋጋ አግኝቶ የዘገየው በርካሽ የሚጣልበት ሸቀጥ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ድክመት በመጨረሻው የገበያ ቀን በብር ተቈጥሮ ይከፈላል።

ገበሬው ይህን ሁሉ በቁጥር ባይናገረውም በዓይኑ ያውቀዋል፤ አያቶቹም ያውቁት ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከተወለዱበት ከጨቦ አገር ጀምሮ እስከ ጉራጌ ድረስ ያለውን የእንሰት ቀዬ ያየ ሰው፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ጥቁርና ለም፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ግን ቀይና ሰነፍ ሆኖ ያገኘዋል። አፈሩ በመሠረቱ አንድ ነበረ፤ ልዩነቱን ያመጣው የእመቤቲቱ እጅ ነው። የምድጃውን አመድና የበረቱን እበት በየቀኑ የምትደፋው ከእንሰቱና ከጓሮ ጎመኑ ሥር ነውና፣ አመድ ደግሞ በውስጡ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው የጎመዘዘውን መሬት ያለዝባል። በሰሜን ሸዋ ደጋም ገበሬው የማሳውን ጓል ከሣርና ከኩበት ጋር ከምሮ እያጋየ ገብስ የሚዘራበት የቆየ ልማድ ነበረ፤ ለጊዜው ያበላል፤ ነገር ግን ከአፈሩ ጋር የመሬቱን ስብ ያቃጥላል። በጎጃምና በአዊ ባቄላና ገብስ የከዱት ሰው ወደ ግብጦ ይዞራል። ግብጦ የራሱ ጥበብ አለው፤ ከሥሩ የሚያፈልቀው አሲድ የታሠረውን ፎስፎረስ ይፈታለታል፤ ለዚህም ነው ሌላው በሚጠወልግበት ቦታ እርሱ ነጭ አበባውን አብቦ የሚታየው። ነገር ግን ለቆሎና ለአረቂ ይሆናል እንጂ አገር አይቀልብም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የባንጃና የፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ነገር ነው። በእነዚያ ወረዳዎች መሬቱ እየጎመዘዘ ሲሄድ ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን «ዲከረንስ» ለሚሉት ከአውስትራልያ ለመጣ የግራር ዘር ሰጡት። ዛፉ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ይቆረጣል፤ በዚያው በማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል፤ ከሰሉም በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ አመዱ በቀረበት ማሳ ላይ ደግሞ ጤፍ ይዘራል። ገበሬውን የምነቅፍበት አንደበት የለኝም፤ ከከሰረ ገብስ የሚከስል ግራር ይሻለዋልና፣ መሬቱም በመጠኑ ማረፉና አመድ ማግኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን ድንችና ባቄላ ሊያበቅል የሚችል ዝናም የጠገበ መሬት ለከተማ ማድቤት የሚነደውን እንጂ የሚበላውን መላክ ካቃተው፣ ይህ የመሬቱ ፈቃድ ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው እላለሁ።

የዚህ ሁሉ መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ለሕንፃ ሥራ መዋል ጀምሮ፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ የነገሥታቱን አብያተ መንግሥት ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ያዋሐደው እርሱ ነበረ። የግንበኛው ኖራ በአራቱ ባሕርያት ሁሉ ያልፋል፤ ከመሬት የወጣው ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውኃ ተፈትቶ፣ በመጨረሻም ከነፋስ ያጣውን መልሶ ወስዶ እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። ለእርሻ ግን እሳቱ ግድ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይን አድቅቆ እንደ ዱቄት መፍጨት ይበቃል። ዱቄቱ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ አሲዱን ወደ ውኃና ወደ አየር ይለውጠዋል፤ አሉሚኒየሙም መልሶ ይረጋና ሥርን መጉዳቱን ይተዋል፤ ካልሲየሙ ለችግኙ ምግብ ይሆነዋል፤ ታሥሮ የነበረው ፎስፎረስም ይፈታል። ሥራው አዝጋሚ ስለ ሆነ ከመዝራት ወይም ከመትከል ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በ15 ወይም በ20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፤ አንድ ጊዜ በሚገባ የተሰጠው ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማሳውን ያገለግላል።

ይህ ዕውቀት ትናንት የመጣ አይደለም። ኤድመንድ ራፊን የተባለው አሜሪካዊ በቨርጂንያ የደከመውን መሬት በኖራ ጭቃ ስለ ማቅናት መጽሐፉን ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ነበር። በእኛም አገር የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ መምህር የነበረው ኤች. ኤፍ. መርፊ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበውን አፈር መርምሮ የልምላሜውን ልክና የአሲዱን መጠን ጭምር የሚያሳይ መግለጫ ያወጣው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሆለታና በሌሎችም የምርምር ጣቢያዎች በገብስ፣ በባቄላ፣ በስንዴና በድንች ላይ ብዙ ፈተና ተደርጓል፤ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረውም አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ በየወረዳው ናሙና እየወሰደ ደዌው የት የት እንደ ተኛ በካርታ አሳይቷል። የብራዚልን ታሪክ ያነበበ ሰውማ ተስፋው ይበልጥ ይጸናል። ሴራዶ የሚባለው 200 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሆን የዚያ አገር ሜዳ፣ በጉምዛዜው ምክንያት ለእርሻ የማይሆን ምድር ሲባል ኖሮ፣ በኖራና በፎስፎረስ ተፈውሶ የዓለም የእህል ጎተራ ከሚባሉት አገሮች አንዱ ሆነ፤ ለዚህም ሥራ ኤድሰን ሎባቶ፣ አሊሶን ፓውሊኔሊና ኮሊን ማክላንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ብራዚል ዛሬ በዓመት ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ ኖራ በማሳዎቿ ላይ ትበትናለች። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የመንግሥት ቸርነት ብቻ እንዳይመስለን፤ ኖራ በዚያ አገር የሚፈጭና የሚጫን፣ የሚሸጥና የሚገዛ የነጋዴ ሸቀጥ ሆኗል።

የእኛም እንቅፋት የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሄክታር ገበሬው የለመደው ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል ያህል ነው፤ ለዚያው ሄክታር በብርቱ የጎመዘዘ ከሆነ የሚያስፈልገው ኖራ ግን 30 ኩንታል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። 30 ኩንታል ማለት ከአንድ አይሱዙ ጭነት እኩሌታ የሚበልጥ ነው። አንድ ሚሊዮን ሄክታር ብቻ እናድን ብንል 3 ሚሊዮን ቶን፣ ይኸውም በ50 ኩንታል መኪና 600,000 ጊዜ የሚመላለስ ጭነት ይሆናል። ድንጋዩ በአገር ሞልቷል፤ የዓባይ በረሃ ገደል በከፊል የኖራ ድንጋይ ነው፤ በደጀንና በጉደር የእርሻ ኖራ የሚፈጩ ወፍጮዎች አሉ፤ በሙገር ሸለቆም ለሲሚንቶ የሚወቀረው ድንጋይ ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ርካሽ ሲሆን መንገዱ ውድ ነውና፣ ከደጀን እስከ እንጅባራ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ለኖራው ብቻ ተብሎ መኪና ቢታዘዝ ኪራዩ ከሸቀጡ ዋጋ ይበልጣል። መንግሥት በዘመቻ ሲጭነው ደግሞ እንደ ዘመቻ ሁሉ ይሆናል፤ ሲደርስ ማዳበሪያው ተሰጥቶ፣ ዘሩ ተዘርቶ፣ ገበሬው እጁን አጥቦ ያገኘዋል።

በዚህ ላይ የጊዜ ነገር ይጨመራል። ኖራ ዛሬ ተከፍሎለት ፍሬው በሦስትና በአምስት ዓመት የሚለቀም ስለሆነ፣ ዕጣው ዘግይቶ እንደሚወጣለት ሰው እቁብ ትዕግሥትንና እምነትን ይጠይቃል። የራሱን መሬት የሚያርስ ይታገሥ ይሆናል፤ ማሳውን ለአንድ ዓመት የተከራየው ወይም በእኩል የሚያርሰው ሰው ግን ከርሞ ሌላ ለሚያርሰው መሬት ስለ ምን 30 ኩንታል ይገዛል? የኪራይ ውሉ ከኖራው ዕድሜ ጋር እንዲተካከል ማድረግ፣ ይኸውም ኖራ ያፈሰሰ ተከራይ ቢያንስ ለሦስት አዝመራ እንዳይነሣ በውል መጻፍ፣ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ይህን የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ከጎጃም ድንችና ሽንኩርት፣ ከአምቦ በላይ ካለው ደጋ ድንችና ጎመን ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው አይሱዙ፣ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ አልፎ አልፎ የሱቅ ዕቃ ቢያገኝ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ ባዶውን ወይም በግማሽ ጭነት ይመለሳል። የጎጃሙ መኪና በመመለሻው ደጀንን ሳይረግጥ አያልፍም፤ ከአምቦ አልፎ ወደ ወለጋ መንገድ የሚመለሰውም ጉደርን። እንግዲህ ኖራው ካለበት ደጅ ባዶ መኪና በየቀኑ ወደዚያው ወደ ተጎዳው ደጋ ፊቱን አዙሮ እያለፈ፣ እኛ የኖራ ማጓጓዣ አጣን ስንል ለሰሚው ግራ ነው። ጎመኑን ያመጣው መኪና ለሚመጣው ጎመን የሚሆነውን ኖራ ይዞ ቢመለስ ኪራዩ የመመለሻ ኪራይ ይሆናል፤ ባለመኪናው ለነዳጁ ያገኝበታል፤ ገበሬውም በሩ ላይ ይቀበለዋል። ይህን ለማስማማት አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የአትክልት ጅምላ ነጋዴው ከማን ገበሬ እንደሚገዛ፣ መኪናውን ማን እንደሚነዳው፣ በየወረዳው ከተማ መጋዘን ያለው ማን እንደ ሆነ ከማንም ባለሥልጣን አብልጦ ያውቃል፤ ለገበሬው በዱቤ የሚሰጥበትና በምርት የሚረከብበት መንገድም ከጥንት የነበረው ነው። ለነጋዴው የጎደለው ኖራ እንደ ዘርና እንደ ማዳበሪያ ሊሸጥ የሚችል ነገር መሆኑን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። ለዚህም ኖራው በግልጥ ክምር ዝናም እየመታው የሚቀመጥ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ተሸክሞ ወደ ማሳው ሊያደርሰው በሚችል በ25 ኪሎ ከረጢት የታሸገ ሊሆን ይገባዋል።

«ነጋዴ ከገባበት ኖራው አመድ ይሆናል» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ በርበሬ ከሸክላ ጋር የተፈጨበትን ዘመን ያየ ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የመንግሥት ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ኖራ በሁለት ነገር ይመዘናል፤ በንጽሕናውና በልመቱ። እንደ ጠጠር የሆነ ኖራ ምንም ንጹሕ ቢሆን ለዓመታት ሳይሠራ አፈር ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ በየከረጢቱ ላይ ሁለቱም ልክ ተጽፎ፣ ተቈጣጣሪም በየጊዜው በወንፊትና በምርመራ እየፈተነ፣ ያጭበረበረውን በሕግ ቢቀጣ ሕዝብና ነጋዴ ይተማመናሉ። ሁለተኛው የመንግሥት ሥራ አፈሩን መመርመር ነው። ፒኤች ብቻውን የኖራውን ልክ አይነግርምና፣ በአፈሩ የሚገኘውን አሲድና አሉሚኒየም መዝኖ ለዚህ ማሳ ይህን ያህል ብሎ የሚጽፍ ባለሙያና የምርመራ ቤት በየዞኑ መኖር አለበት።

ያለ ምርመራ የሚበተን ኖራ ጉዳት አለውና ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆናል። የአቃቂና የሞጆ ጥቁር ዋልካ ኖራ አይሻም፤ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚመጣበት የመቂና የባቱ ቆላ ደግሞ አፈሩ ራሱ ወደ ጨውና ወደ ካልሲየም ያደላ ስለሆነ ኖራ ቢጨመርበት እርሻውን መግደል ነው። ድንች መጠነኛ ጉምዛዜን ይወዳል፤ ኖራ የበዛበት ድንች ልጡ በእከክ ይበላሻል፣ መርካቶም አይገዛውም። ኖራ ሲበዛ ዚንክና ብረትን ያሥራል፤ ከዩሪያ ጋር አንድ ቀን ቢበተንም የማዳበሪያውን ኃይል ወደ አየር ያበንነዋል። ደግሞም ኖራ በሩን ይከፍታል እንጂ ማዕዱን አይሞላም፤ ያለ ፍግና ያለ ብስባሽ ኖራ ብቻ ሲሰጠው የኖረ መሬት የቀረውን ስብ ቶሎ ይጨርሳል። በአውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ ኖራ አባትን ባለጠጋ፣ ልጅን ድሃ ያደርጋል የሚል ብሂል የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

30 ኩንታል የሚያስፈራው አትክልተኛ ከመደቡ ይጀምር። ለአንድ ሄክታር ጥቅል ጎመን የሚሆነው ችግኝ የሚፈላው በጥቂት መቶ ካሬ ሜትር መደብ ላይ ነው፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም ቢሰጥ 300 ካሬ ሜትር መደብ የሚፈልገው 90 ኪሎ፣ ማለት ከአንድ ኩንታል የማይሞላ ኖራ ነው። ችግኙ ወደ ማሳ ሲዛወር ሥሩ እንደ ገና ከጎምዛዛ አፈር ጋር ስለሚገናኝ፣ ማሳው ላይ በመላ ከመበተን ይልቅ በሚተከልበት መስመር ውስጥ ብቻ በጥቂቱ አስቀድሞ ማድረግን የአገራችን ተመራማሪዎች ሞክረውታል፤ በአንድ ዓመት የሚፈለገውም ኖራ ከሙሉው ልክ ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል። በየዓመቱ እየደጋገሙ ሙሉውን ልክ መድረስ ይቻላል። ሥሩ በመደቡ ረዝሞና በርክቶ የወጣ ችግኝ፣ ከመስመሩም ውስጥ ለስላሳ አፈር ያገኘ፣ የቀረውን መከራ ይቋቋመዋል።

ይህ ነገር የከተማውንም ሰው ይመለከታል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር በአርባ ምንጭ ከተጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባም በየግቢውና በየትምህርት ቤቱ ጎመንና ሰላጣ መትከል ተበራክቷል። ከእንጦጦ ሥር በቀይ አፈር ላይ የሚተክል ሰው ጎመኑ ቢቀጭጭ ዘሩን ከመርገሙ በፊት አፈሩን ያስመርምር፤ ጎምዛዛ ሆኖ ቢያገኘው ዐሥር ካሬ ሜትር ለምታህል መደብ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ የተፈጨ ኖራ ይበቃዋል። ለቤት ልስን የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ መጠኑ ማነስ አለበት፤ እጅንና ዓይንንም ያቃጥላልና ልጆች አይንኩት። ኖራ ያጣ ሰው የምድጃውን አመድ ከመጣል ይቆጠብ።

ለአትክልት ነጋዴዎች፣ ለባለመኪናዎችና ለባለመጋዘኖች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ለአንድ ክረምት ሞክሩት፤ ከምታምኑት ጥቂት ገበሬ ጋር ተስማሙ፤ ከደጀን ወይም ከጉደር በመመለሻ መኪና አስጭናችሁ፣ ኖራውን በዱቤ ሰጥታችሁ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከዚያ ማሳ የሚመጣውን ጎመን ኖራ ካልነካው ጋር በሚዛን አስተያዩት። ለግብርና ሹማምንትም የምለው፣ ይህን የሚሞክር ነጋዴ ሲመጣ ፈቃዱን በማዘግየት አታድክሙት ነው። ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፤ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ኖራው ከአፈሩ ጋር አንድ ወር መክረም አለበት፤ ማሳውን አርሶ ለመቀበልም የበልግ እርጥበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለዘንድሮው ክረምት የሚደርሰው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ የተጫነው ኖራ ብቻ ነው።